ጂ ፕላስ ስንት ደረሰ? ስለ ብጉንጅ እና ስለ ስታፍ

ሚሚ፦ እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ከኮዬ ፈጬ ነን፣ መስኮቱን ዘግተነዋል ግን ታች ብረት እየቆረጡ ስለሆነ ድምፁ ከመጣ ይቅርታ። የዛሬው ርዕስ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ከሰውነታችን መከላከያ እንዴት እንደሚያመልጥ ነው፣ እኔ ላብራቶሪ ስለምሰራ በየቀኑ ነው የማየው፣ እና...

አቡሽ፦ ቆይ ቆይ ሚሚዬ፣ መጀመሪያ የአንገቴን ታሪክ ልንገራቸው።

ሚሚ፦ ባለፈው ነግረሃቸዋል እኮ!

አቡሽ፦ ግማሹን ነው የነገርኳቸው። እና ሰዎች፣ ማጅራቴ ላይ ብጉንጅ ወጣ፣ መጀመሪያ ሽምብራ ነበር የምታክለው፣ በ3ኛው ቀን አንገቴን ማዞር አቃተኝ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጠራኝ ከነወገቤ ነበር የምዞረው። የብሎካችን ጥበቃ ጋሼ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አስቁመው ያዩትና "ዛሬ ጂ ፕላስ ስንት ደረሰ?" ይሉኛል።

ሚሚ፦ (ሳቅ) ጋሼን ስወዳቸው።

አቡሽ፦ ሰኞ ጂ ፕላስ 1፣ ሐሙስ ጂ ፕላስ 4። እማዬ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከረች ትይዝልኛለች፣ ጎረቤቶች አንዷ ጭመቀው አንዷ አትንካው፣ እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበር እሱን ጀመርኩ...

ሚሚ፦ እዚህ ጋ ነው የምናደደው! አቡሽ ስማኝ፣ ብጉንጅ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ይሄው ስታፍ ነው፣ አብዛኛው ስታፍ ደግሞ ፔኒሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው፣ አሞክሳሲሊን ብቻውን ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ኢንዛይሙ ይቆርጠዋል። ይሄ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው ፔኒሲሊን የማይገድለው ስታፍ የታየው፣ መድኃኒቱ ገና ለሰው መሰጠት ሲጀምር ማለት ነው። ከዛ በ1959 ኢንዛይሙ የማይቆርጠው ሜቲሲሊን የሚባል መድኃኒት መጣ፣ በ1961 እሱንም የተቋቋመ ስታፍ እንግሊዝ አገር ተገኘ። 2 ዓመት!

አቡሽ፦ ግን ትኩሳቴ ወርዶ ነበር እኮ።

ሚሚ፦ በራሱ ይወርድ ነበር።

አቡሽ፦ እሱን በምን ታውቂያለሽ?

ሚሚ፦ እሺ አላውቅም፣ ግን ሁለተኛ የተረፈ መድኃኒት አትዋጥ። ደግሞ የእማዬ ሙቅ ጨርቅ ጥሩ ነው፣ እሱን አልቃወምም።

አቡሽ፦ አየሽ! እማዬ ትስማሽ። ለማንኛውም በሳምንቱ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ቀደው መግሉን ሲያወጡት ወዲያው ቀለለኝ፣ ያን ቀን ነው የተኛሁት።

ሚሚ፦ እና አሁን ርዕሳችን መጣ፣ ያ መግል ምንድነው ብለህ ታስባለህ?

አቡሽ፦ ቆሻሻ፣ ጀርሙ ራሱ።

ሚሚ፦ አብዛኛው ያንተው ነጭ የደም ሴል ሬሳ ነው። አንተን ሊያድኑ መጥተው እዛው የሞቱ። ስታፍ ነጭ ሴሉን የሚበሳ መርዝ ይለቃል፣ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይከፍትበታል፣ በቃ ያልቃል። እኔ መግል በማይክሮስኮፕ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል፣ እውነቴን ነው። ስሙንም ያገኘው ከመግል ነው፣ ኦግስተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም መግል ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ አየውና በ1882 በግሪክኛው ወይን ስም ጠራው።

አቡሽ፦ እና ጂ ፕላስ 4ቱስ?

ሚሚ፦ እሱ ነው ዋናው! ጋሼ ሳያውቁት እውነት ነው የተናገሩት። ስታፍ ቤት ይሰራል፣ በማን ዕቃ? በኛው! ስትቆረጥ ደምህን የሚያረጋልህ ፕሮቲን አለ አይደል፣ ስታፍ ኮአጉሌዝ በሚባል ነገር ያንን ፕሮቲን አርግቶ ዙሪያውን አጥር ያጥርበታል። ላብራቶሪ የምንለየውም በዚሁ ነው፣ ቱቦ ውስጥ ፕላዝማ ላይ፣ የደም ፈሳሹ ክፍል ማለት ነው፣ ትጨምረዋለህ፣ 37 ዲግሪ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ብዙ ጊዜ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቱቦውን ስታዘነብለው እንደ እርጎ ረግቶ ታገኘዋለህ።

አቡሽ፦ እንደ እርጎ! እና አጥሩ የራሴ ደም ነው?

ሚሚ፦ የራስህ። ስለዚህ ነጭ ሴሉ አጥሩ ጋ ሲደርስ እንደልብ አይገባም፣ መድኃኒትም በደንብ አይደርስም፣ ለዛ ነው መቀደድ የነበረበት። ደግሞ በእጅህ ብትጨምቀው አጥሩ ወደ ውስጥ ይፈርስና ይሰራጫል፣ አትጭመቁ!

አቡሽ፦ ትንሽ ግን ጨምቄው ነበር።

ሚሚ፦ አቡሽ!

አቡሽ፦ እሺ ቀጥይ።

ሚሚ፦ አንቲቦዲን፣ ሰውነታችን ጀርም ለመያዝ የሚሰራውን ፕሮቲን፣ ደግሞ እንደ ባልዲ አስበው፣ አፉ ጀርሙ ላይ ይለጠፋል፣ ነጭ ሴሉ እጀታውን ይዞ አንስቶ ይውጠዋል። ስታፍ ገላው ላይ ፕሮቲን ኤ የሚባል አለው፣ እሱ የሚይዘው እጀታውን ነው! ባልዲው ይገለበጣል፣ ነጭ ሴሉ የሚይዘው ያጣል።

አቡሽ፦ ወይ ጉድ። ተው እንጂ!

ሚሚ፦ ቢውጠው እንኳን ነጭ ሴል ውስጥ በረኪና አለ፣ የምሬን ነው፣ ልብስ የምናነጣበት በረኪና ውስጥ ያለውን ዓይነት ኬሚካል ራሱ ያመርታል። ይሄ ስታፍ ግን፣ ሙሉ ስሙ ስታፊሎኮከስ አውሬውስ ነው፣ ወርቃማ ቀለም አለው፣ አውሬውስ ራሱ ወርቃማ ማለት ነው፣ ያ ቀለም ከበረኪናው ይከላከልለታል። ቀለሙን እንዳይሰራ ሲያደርጉት ነጭ ሴል በቀላሉ እንደሚገድለው ታይቷል። እኔ ላብራቶሪ ጀርም የምናሳድግበት ሳህን ላይ ወርቃማ ሆኖ ሲያድግ ለዓመታት ሳየው ለውበት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ጋሻው ነው።

አቡሽ፦ እና አንዴ ከወጣብኝ ሰውነቴ አውቆታል፣ ሁለተኛ አይዘኝም አይደል? እንደ ኩፍኝ?

ሚሚ፦ እንደ ኩፍኝ አይደለም። ድጋሚ ይይዛል፣ ክትባትም እስካሁን የለውም፣ የተሞከሩት አልሰሩም። ከ100 ሰው ደግሞ 30 ገደማው አፍንጫው ውስጥ ይዞት ነው የሚዞረው፣ ምንም ሳያመው፣ እኔም ልሆን እችላለሁ፣ ቆዳ እስኪሰነጠቅ ይጠብቃል።

አቡሽ፦ ፀጉር ቤት ምላጭ ነበር የነካኝ፣ አሁን ገባኝ! እዛው ቦታ ላይ እኮ ነው።

ሚሚ፦ ሊሆን ይችላል። ዙር እስቲ ልየው... ይሄ ቀይ ነገር ምንድነው?

አቡሽ፦ ትንኝ ናት ማታ የነከሰችኝ።

ሚሚ፦ እርግጠኛ ነህ?

አቡሽ፦ ትንኝ ናት!

ሚሚ፦ እሺ፣ አትከከው። እጅህን አውርድ አቡሽ፣ አትከከው አልኩህ እኮ።