ሌሊት ምራቃችንን ማን ይውጥልናል?

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሊቀመንበራችን «ነርስ አይደለሽ፣ ስለ ጨጓራ ትንሽ ንገሪን» ብለውኝ ነው የቆምኩት። ጨጓራ ሰፊ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ቃር፣ ያውም ስለ ሌሊቱ ቃር ብቻ ነው።

ከተነሳሁ ወዲህ እያንዳንዳችሁ ምራቃችሁን ሁለት ሦስቴ ውጣችኋል። አሁን ስላነሳሁት ደግሞ ሁላችሁም ዋጣችሁ፤ የሚስቁትን አያለሁ። የነቃ ሰው ሳያስበው በደቂቃ አንድ ጊዜ ገደማ ይውጣል። እንቅልፍ ሲወስደው ግን በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ እንቅልፉ ሲከብድ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ አንዴም ሳይውጥ ሊቆይ ይችላል።

ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ያመንኩት ግን እናቴ አልጋ አጠገብ ነው። ሌሊት እያሳላት ትነሳና «ጉሮሮዬን እሳት በላው» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ሰዓቴን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አንገቷን ማየት ጀመርኩ። 5 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ፣ ምንም የለም። በ17ኛው ደቂቃ ገልበጥ አለች፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ፣ ዋጠች። ከዚያ እንደገና ጸጥ።

ታዲያ ባትውጥ ምን ይሆናል? በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ሲላላ አሲድ ሽቅብ ይመጣል፤ ይህ በጤነኛ ሰውም ይደርሳል። ቀን ከሆነ ቆመን ወይም ተቀምጠን ስለምንውል አሲዱ ቁልቁል መመለስ አይከብደውም። ስንውጥ ቧንቧው እየተኮማተረ የቀረውን ወደ ታች ይገፋዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደግሞ የተዋጠው ምራቅ ኃይሉን ይሰብረዋል፤ ምራቅ በውስጡ ባይካርቦኔት የሚባል አሲድን የሚያረክስ ነገር አለውና። ሌሊት ጋደም ብለናል፣ አንውጥም፣ ምራቁም ራሱ ሊቆም ምንም አይቀረው። ቀን በደቂቃዎች የሚጠራው አሲድ እዚያው ተኝቶ ያድራል። ጠዋት ድምፃችሁ የሚጎረንነው፣ አፋችሁ የሚኮመጥጠው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኦሜፕራዞል የምትወስዱ አላችሁ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አሲዱን ይቀንሳል፣ የላላውን በር ግን አይዘጋም። ምግብ ከመብላታችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ አስቀድማችሁ ውሰዱት። በተልባ ከማንም ጋር አልጣላም፤ ማታ ጠጥታችሁ ወዲያው አትተኙ እንጂ። ወተትም ለጊዜው ያበርዳል፣ ቆይቶ ግን ጨጓራው አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። 3 ሰዓት የሚተኛ ሰው እራቱን 12 ሰዓት ይጨርስ። እንግዳ መጥቶ «በሞቴ» እየተባለ ጉርሻ ሲደረብ ይህ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እኔም ተሸንፌ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ቀን ቢያንስ ቁጭ ብላችሁ አምሹ። ስትተኙ በግራ ጎናችሁ ሁኑ፤ በቀኝ ከሆነ የጨጓራው አፍ አሲዱ ውስጥ ይዘፈቃል። ትራስ መደራረብም አይበጅም፣ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል። ከፍ ማለት ያለበት የአልጋው ትራስጌ ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። እናቴ መጀመሪያ «ልታንከባልይኝ ነው?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ቀነሰላት።

ምግብ ሲዋጥ የሚተናነቀው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ግን አልጋ ሲያስተካክል አይቆይ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። ደረቱን ጨምድዶ ይዞ ላብ ላብ የሚለውም «ቃር ነው» ብሎ አይጠብቅ፣ ልብ ሊሆን ይችላል።

ከድንኳን ማስቀመጫው ጀርባ የተረፈ ወፍራም ግንዲላ አይቻለሁ። ሊቀመንበራችን ከፈቀዱና መጋዝ ያለው ሰው ከተገኘ፣ ለአንድ አልጋ ከትራስጌው እግሮች ሥር የሚገባ ሁለት ቁራጭ ይበቃል። የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።