አንድ እጅ፣ ብዙ ድሮን

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦች፤

የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ «ኦፍሴት» በተባለው መርሐ ግብሩ አንድ አነስተኛ የእግረኛ ጦር ክፍል እስከ 250 የሚደርሱ ትንንሽ ድሮኖችንና የምድር ሮቦቶችን ከተማ ውስጥ እንዲያሰማራ የሚያስችል ዘዴ ሲፈልግ ነበር። የመጨረሻው የመስክ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ፎርት ካምቤል በተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ተካሄደ። መርሐ ግብሩ ሲታወጅ ከተነሡት የማዘዣ መንገዶች አንዱ የእጅ ምልክት ነው። ጠላት ፊት ያለ ወታደር አንገቱን ደፍቶ ስክሪን ላይ ሊያፈጥ አይችልምና።

ብዙ ጊዜ ጥረታችን የሚያልቀው እጁን በማንበብ ላይ ነው። እሱ ግን በአብዛኛው የተፈታ ነገር ነው። ሚዲያፓይፕ የተባለው የጉግል ሶፍትዌር በተራ ካሜራ የእጅን 21 ነጥቦች፣ ማለትም የመገጣጠሚያዎቹንና የጣት ጫፎቹን ቦታ ያወጣል። ከሁሉም ላይ የእጅ አንጓውን፣ ማለትም ነጥብ 0ን ትቀንሳላችሁ፤ ውጤቱን ከአንጓው እስከ መሐል ጣት ሥር፣ እስከ ነጥብ 9 ባለው ርቀት ታካፍላላችሁ። ያን ጊዜ እጁ ለካሜራው ቢቀርብም ቢርቅም ቅርጹ ያው ነው። ይህን የዘለለ ሰው ቤት ውስጥ የሠራለት ነገር ሜዳ ላይ ይከዳዋል።

ከባዱ እጁ ድሮኖቹን የማያናግርበትን ጊዜ መለየት ነው። ወታደር ላቡን ይጠርጋል፣ ዝንብ ያባርራል፣ ለጓደኛው ይጠቁማል። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነብ ሥርዓት በደቂቃ 1,800 ምስል ያያል፤ ከመቶ አንዱን ብቻ ቢሳሳት 18 የሐሰት ንባብ ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ በ15 ተከታታይ ምስሎች ላይ ካልጸና አይታመን። ይህ ግማሽ ሰከንድ ይበላል፤ በሰከንድ 5 ሜትር የሚበር ድሮን እስከዚያ 2.5 ሜትር ይሄዳል። ለ«ቁም» ይህ ስለሚበዛ 5 ምስል ይበቃዋል፤ በስህተት ከመቆም በስህተት መሄድ ይብሳልና። በተጨማሪ በሌላው እጅ አውራ ጣት የምትጫን አንዲት ቁልፍ ትኑር። እሷ ካልተጫነች ሥርዓቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይበል።

ምልክቶቹ ከ6 ባይበልጡ እመርጣለሁ። መተኮስ ግን ከእነሱ መሐል ፈጽሞ አይግባ! በአሜሪካ እግረኛ ጦር እስከ ራስ ከፍታ የተነሣ ጡጫ «ባላችሁበት ድረቁ»፣ የተነሣ ክፍት መዳፍ «ቁሙ» ነው። በጓንትና በድንግዝግዝ ካሜራው ሁለቱን ያምታታል፤ ሁለቱም ማቆሚያ በመሆናቸው ግን ጉዳት የለውም። ጡጫን ለ«ቁም»፣ መዳፍን ለ«ወደ ፊት» የሰጠ ሰው አደጋ እየጋበዘ ነው።

ለጨለማ ሴንሰር ያለው ጓንት ይሻላል። ሆኖም መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፑ በቆይታ ከልኩ ይወጣል፤ ኮምፓሱንም የጠመንጃው ብረት ያሳስተዋል። ከጓንት የጣቶችን ቅርጽ እንጂ ጥርት ያለ አቅጣጫ አትጠብቁ።

እጅ መንጋውን እንጂ እያንዳንዱን ድሮን አይንዳ። የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያው ክሬግ ሬይኖልድስ የወፍ መንጋን በኮምፒውተር ለማስመሰል እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረባቸውን ሦስት ሕጎች፣ ማለትም ከጎረቤት አለመጋጨትን፣ አቅጣጫን ከጎረቤት ጋር ማስተካከልንና ከመንጋው አለመራቅን፣ ድሮኖቹ ራሳቸው ይወጡት። እጁ የመንጋውን ቦታ፣ ስፋትና ከፍታ ብቻ ይዘዝ።

ሬዲዮው ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርጉም ከመነሣታቸው በፊት ይጫንላቸው፤ መጀመሪያ ባሉበት ያንዣብቡ፣ ግንኙነቱ ካልተመለሰ ወደ ተነሡበት ይመለሱ። ለእያንዳንዱም የተለያየ የመመለሻ ከፍታ ስጡት፤ አለዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ሲመጡ አየር ላይ ይላተማሉ።

አመሰግናለሁ።