ወታደሩን ያልጠበቀው ሰዓት

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በኋላ እንዳንጣላ።

የማወራችሁ ስለ ጆ ሃልደማን ነው። ስለ ወደፊት ጦርነት ከጻፉ የአሜሪካ ደራሲዎች ውስጥ እኔ እሱን የሚያህል አላገኘሁም። ለእኛ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ደግሞ የሰፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ1943 ኦክላሆማ ሲቲ ይወለድ እንጂ ፊዚክስና ሥነ ፈለክ የተማረው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1967 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ለውትድርና ተጠራ። ብሔራዊ ውትድርና ሲባል ዛሬም ልባቸው ድንግጥ የሚል ወላጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ያኔ የአሜሪካ እናቶችም የፖስታ ሳጥን መክፈት ይፈሩ ነበር።

ቬትናም ሄደ። የተመደበው መሐንዲስ ጦር ውስጥ ነው። በ1968 ፍንዳታ አግኝቶት ክፉኛ ቆሰለ።

የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1972 ወጣ። እሱ ውስጥ ጠፈርም መንኮራኩርም የለም፤ ቬትናም ብቻ ነው። ስሙን ያስጠራው በ1974 የታተመው «ዘላለማዊው ጦርነት» ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የፊዚክስ ተማሪ ነው፤ ማንዴላ ይባላል። ከደቡብ አፍሪካው ጋር አይገናኝም። ጎበዝ ጎበዙን እየመረጠ የሚመለምል ሕግ ይወጣና እሱም ይታፈሳል። ጠላት የተባሉት ቶራን የሚባሉ የሌላ ዓለም ፍጡራን ናቸው።

ጦር ሜዳው ከዋክብት መካከል ነው። ስለዚህ ወታደሩ የሚጓዘው ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ መርከብ ነው። እንዲህ በሚፈጥን መርከብ ውስጥ ደግሞ ጊዜ ይዘገያል። ይሄ የአንስታይን ፊዚክስ እንጂ የደራሲው ፈጠራ አይደለም። ማንዴላ በ1997 ዘመተ፤ በ2024 ወደ ምድር ተመለሰ። እሱ ብዙም አላረጀም። እናቱ ግን አርጅተዋል። ታመዋልም። መንግሥት ለአረጋውያን ደረጃ ይሰጣል፤ የእሳቸው ደረጃ ዜሮ ነው። ሐኪም አያያቸውም። ልጁ ያለው የተጠራቀመ ደሞዝ ብቻ ነው፣ እሱም አላዳናቸውም። ከዚያ ወዲያ ያደረገውን ታውቁታላችሁ? ወደሚጠላው ጦር ተመልሶ ገባ። ሌላ የሚያውቀው ቤት የለማ!

ከ15 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የልጅነት ሰፈሩን ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ይህን ምዕራፍ ያለ አንስታይን ይረዳዋል።

የሚገርመው ይህ ምዕራፍ መጀመሪያ አለመውጣቱ ነው። ታሪኩን በክፍል በክፍል ያትም የነበረው መጽሔት አዘጋጅ «በጣም ያሳዝናል» በሚል መለሰው። ደራሲው ቀለል ያለ ሌላ ክፍል ጻፈለት። ዋናው ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ሙሉውን እትም ጠይቁ። መጽሐፉንም ቢሆን 18 አሳታሚዎች መልሰውታል። የቬትናም ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። ሲወጣ ግን የሳይንስ ልቦለድን ሁለት ትልልቅ ሽልማቶች፣ ሁጎንም ኔቡላንም ወሰደ።

ብዙ ጊዜ ከሮበርት ሃይንላይን ጋር ያነጻጽሩታል። ሃይንላይን በ1959 ጉልበት የሚጨምር የብረት ልብስ ስለለበሱ የጠፈር ወታደሮች ጽፏል። የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ውጊያ ሳያይ ተሰናበተ። የሃልደማን ወታደሮችም እንዲህ ያለ ልብስ አላቸው። ግን ለባሹ በረዶ ላይ በጀርባው ከወደቀ የሙቀት ማስወጫው ይፈነዳል። ጠላት ሳያዩ በልምምድ የሚያልቁ አሉ። ይህን የጻፈው ፈንጂን በእጁ የነካ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

በ1997 «ዘላለማዊ ሰላም» መጣ። ስሙ ቢመሳሰልም ታሪኩ ሌላ ነው። ወታደሮቹ የብረት ተዋጊዎችን ከሩቅ በአእምሯቸው ያንቀሳቅሳሉ። አእምሯቸው እርስ በርስ ተገናኝቶ ብዙ ሲቆይ ሰው መግደል ያቅታቸዋል። ይሄም ሁለቱን ሽልማቶች ደገመ። የ«ዘላለማዊው ጦርነት» የ1999ኙ ተከታይ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጨረሻው አልዋጠልኝም።

ከ1983 እስከ 2014 ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት አስተምሯል። በ2010 የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲያን ትልቁን የክብር ማዕረግ ሰጡት። የነገን መሣሪያ የሚጽፈው ሰውዬ ረቂቁን የሚጽፈው ግን በቀለም ብዕር፣ ደብተር ላይ ነው።

ወደ ማንዴላ ልመለስና ልጨርስ። ጦርነቱ 1,143 ዓመት ፈጀ። መነሻው አለመግባባት ነበር። ሲመለስ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ሞቷል። ግን አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የሚወዳት ሜሪጌይ የጻፈችው። መርከብ ላይ ተሳፍራ፣ አምስት የብርሃን ዓመት ሄዳ ትመለሳለች፤ ደግማ ትሄዳለች። በአሥር ዓመት አንድ ወር ያህል ብቻ እያረጀች ትጠብቀዋለች።

የደራሲው ሚስት ስም ሜሪ ጌይ ነው። የተጋቡት በ1965፣ ቬትናም ከመሄዱ በፊት ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።