ጎማው የሚረግጠውን ማየት፦ ከሻሲ ሥር ስለሚታሰር መብራት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምናወራው ከመኪናው ሆድ ሥር ስለሚታሰሩት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ነው። ገበያ ላይ «ሮክ ላይት» ይሏቸዋል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ለጌጥ ነው፤ አስፋልት ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ እያበሩ ሲያልፉ አይቶ። እኔ የማነሣው ሥራቸውን ነው። መንገድ በሌለበት፣ በሌሊት፣ ድንጋይና ጭቃ ላይ በአንደኛ ማርሽ ለሚሄድ ሰው ምን ያደርጉለታል የሚለውን።

እስቲ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ውስጥ ተቀምጣችሁ አስቡት። የፊት መብራቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ፊት ነው የሚያበራው። ኮፈኑ ደግሞ ፓራውልቱ ፊት ያለውን መሬት ከሾፌሩ ይጋርደዋል። ቀን ከሆነ አንገት በመስኮት አውጥቶ ጎማውን ማየት ይቻላል። ሌሊት ግን አንገት ማውጣቱም ከንቱ ነው፤ ጎማው ያለበት ቦታ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ወደ ኤርታሌ ሲኬድ ያለውን ጥቁር የላቫ ሜዳ የሚያውቅ ሾፌር ይህ ይገባዋል። ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ይውጣል። የፊት መብራት በአግድም ሲመታው እያንዳንዱ ጉብታ ከኋላው ረጅም ጥላ ይጥላል፤ ጥላው የቱ እንደሆነ፣ ጉድጓዱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ወርዶ በእጁ የሚመራው ረዳትም ቢሆን የፊት መብራቱ ዓይኑን እየወጋው ጎማውን ማየት ያቅተዋል።

ከሥር የሚታሰረው መብራት የሚፈታው ይህንን ነው። ጎማው የረገጠውንና ሊረግጠው ያለውን አንድ ሁለት ክንድ መሬት ያሳያል። ዲፍረንሻሉ ድንጋዩን በስንት ጣት እንደሚያልፈው ያሳያል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄዱ መብራቱ ያሳያችሁን ነገር ጎማው አልፎታል፤ ያኔ የሚያስፈልገው የፊት መብራት ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማጠብቀው አንድ ነገር አለ። ብርሃኑ መሬቱ ላይ ይረፍ፤ አምፖሉ ራሱ ለማንም ዓይን አይታይ። ከሾፌሩ ወንበር፣ በስፖኪዮ ውስጥ፣ ወይም ቆሞ ከሚመራው ሰው ፊት ለፊት ነጥቡ ከታየ፣ ቦታው ተሳስቷል። ጨለማን የለመደ ዓይን አንዴ ደማቅ ነጥብ ካየ መልሶ እስኪለምድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ደካማ መብራት በትክክለኛ ቦታ፣ ኃይለኛ መብራት በተሳሳተ ቦታ ከሚሆን እጅግ ይሻላል። ሻጩ ዋት ሲቆጥርላችሁ ይህን አስታውሱ።

ስንት ይበቃል? ለሃርድ ቶፕም ሆነ ለሃይሉክስ ስድስት ይበቃል እላለሁ። አራቱ በየጎማው ፓራፋንጎ ውስጥ፣ ሁለቱ ከሻሲው ውስጠኛ ጎን፣ አንዱ በፊተኛው ዲፍረንሻል አካባቢ፣ ሌላው በኋለኛው። ስምንት ያለው ስብስብ ከገዛችሁ የቀሩትን ሁለቱን መለዋወጫ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እያንዳንዳቸው 9 ዋት ገደማ ይሁኑ። 6 ጊዜ 9፣ 54 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 4.5 አምፔር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ፊውዙም ሽቦውም የሚመረጠው በእሱ ነው።

ቀለምን በተመለከተ ሀሳቤ ቁርጥ ያለ ነው። ነጭ ብቻ፤ ያውም 4000 ኬልቪን አካባቢ፣ ወደ ሙቀት ያደላ ነጭ። ቀለም የሚቀያይሩት ነጭ የሚሠሩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ደባልቀው ስለሆነ የነገሮችን እውነተኛ ቀለም ያዛባሉ። ሌሊት መኪና ሥር ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ያ የሚያብለጨልጨው ነገር ውሃ ነው ወይስ ዘይት የሚለውን መለየት ካልቻላችሁ መብራቱ ግማሽ ሥራውን አልሠራም። ቀይና ሰማያዊ ደግሞ በብዙ አገር ለፖሊስና ለድንገተኛ አደጋ መኪና የተተወ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የስቴታችሁን የተሽከርካሪ ሕግ አንብቡ። የትም ሁኑ የት፣ አስፋልት ላይ ስትወጡ አጥፉት።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው አይፒ የሚባለው፣ መብራቱ አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረው ቁጥርም እንዲሁ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። አይፒ 67 ማለት እስከ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። አይፒ 68 ከዚያ ለሚከብድ ጥልቀት ነው፤ ስንት ሜትርና ስንት ሰዓት የሚለውን አምራቹ ራሱ መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ አትመኑት። አይፒ 69ኬ ደግሞ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ሲረጭበት የሚቋቋም ነው። መኪና እጥበት ላይ በግፊት ውሃ ከሥር የሚታጠብ መኪና ካላችሁ፣ 69ኬ የሚለውን ፈልጉ። ከ69ኬ ጋር 67 ወይም 68ም የተጻፈበት ከተገኘ ያ ይመረጣል።

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቴስተር ይዛችሁ የራሳችሁን መኪና ለኩ። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና ሁሉ 24 ቮልት አይደለም፤ ባትሪዎቹ ጎን ለጎን ተገናኝተው 12 ሊሆን ይችላል። አይሱዙ ላይ የምታስሩ ከሆነ ብዙዎቹ 24 ናቸው። መብራቱ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለው ለሁለቱም ይሆናል። ሪሌው፣ ማለትም ከማብሪያው በሚመጣ ትንሽ ኃይል የመብራቶቹን ዋና መስመር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ዕቃ፣ ግን ለሁለቱም አይሆንም። የ12 ቮልት ሪሌ 24 ላይ ሲታሰር ጥቅልሉ ይሞቅና ይቃጠላል። ሰው መብራቱን ይመርጥና ሪሌውን ይረሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መኪናው ከሥር ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ ትራፓኖ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ለሙከራ ስጡት። መብራቶቹን በማግኔት ወይም በናስትሮ ለጊዜው ለጥፉ፣ ከባትሪው በፊውዝ በኩል ረዘም ባለ ሽቦ አብሩ፣ ከዚያ ጨለማ ቦታ መኪናውን በዙሪያው ሂዱበት። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ስፖኪዮውን እዩ። ረዳቱ በሚቆምበት ቦታ፣ አምስት ሜትር ፊት ለፊት፣ ቆማችሁ እዩ። ፓራፋንጎ ውስጥ ያለው መብራት ከጎማው ጀርባ በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎማው እግር እንዲያይ አድርጉት። ከጎማው ፊት ከታሰረ ጎማው የሚወረውረው ድንጋይና ጭቃ ባይበዛበትም ብርሃኑ ወደሚመራው ረዳት ዓይን ይሄዳል። ከጀርባ ሲሆን ጭቃ ይበዛበታል፣ መስተዋቱን መጥረግ ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ጭቃውን እመርጣለሁ።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ ወይም ክሪክ ላይ አውጥታችሁ ባሌስትራው ሲጨመቅ ጎማው የት እንደሚደርስ እዩ። ሜዳ ላይ አንድ ጋት የራቀ መብራት፣ ጎማው ሲነሣ ይፈጨዋል። ከማርሚታውና ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከሻሲው የታችኛው ጠርዝ ዝቅ አይበል፤ ዝቅ ካለ የመጀመሪያው ድንጋይ ይወስደዋል።

ሻሲ አትብሱ። ሻሲው ፋብሪካ የበሳቸው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነሱ ተጠቀሙ፣ ወይም ከላሜራ ትንሽ ማንጠልጠያ አሠሩ። የግድ ከሆነ መሀል ጎኑን እንጂ የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ አትንኩ፤ የመኪናውን ክብደት አብዝተው የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ስንጥቅም ከዚያ ነው የሚጀምረው። መበየድማ ፈጽሞ አይታሰብ። ብሎኑ ባለ 6 ሚሊ ይበቃል፣ በ10 ቁልፍ የሚፈታው፤ ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ይሁን፣ ሌላው በንዝረት ይፈታል።

ሽቦው ላይ ብዙ ሰው ይቆጥባል፤ የሚጎዳውም እዚያ ነው። ከባትሪው እስከ ኋለኛው መብራት አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር የሚመለስ ሽቦ ብታስቡ፣ 1 ሚሊ ካሬ በሆነ ሽቦ 4.5 አምፔር ሲሄድ ወደ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ሚሊ ካሬ 0.3 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው መስመር 2.5፣ ከዋናው ወደ እያንዳንዱ መብራት የሚወጣው ቅርንጫፍ ደግሞ 1 ሚሊ ካሬ ይሁን። ፊውዙ ባለ 7.5 አምፔር፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ራቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ተልጦ ሻሲ ቢነካ የሚያስቆመው የለም፤ እሳት ነው። መኪናው 24 ቮልት ከሆነ ፍሰቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ባለ 5 ይበቃል።

ሪሌው ላይ 30 የሚለው እግር ከፊውዙ የሚመጣውን ይቀበላል፣ 87 ወደ መብራቶቹ ይሄዳል፣ 86 ከማብሪያው፣ 85 ማሳ፣ ማለትም ሻሲ ላይ የሚታሰረው ኔጋቲቭ። ማብሪያው ኃይሉን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚመጣ መስመር ይውሰድ፤ አለዚያ በርቶ ይረሳና ጠዋት መኪናው አይነሣም። እኔ የምመክረው ሁለት ማብሪያና ሁለት ሪሌ ነው፣ የፊትና የኋላ ለየብቻ። አቧራ ላይ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ የራሳችሁ አቧራ ወደ ፊት ይቀድማችኋል፣ የፊቶቹ መብራቶች ያንን አቧራ ነጭ ግድግዳ ያደርጉታል። ያኔ የፊቱን አጥፍታችሁ የኋላውን መተው ትችላላችሁ።

ማሳውን በየመብራቱ ሻሲ ላይ አትሰሩ። ከስድስቱም ጥቁሩን ሽቦ መልሳችሁ አንድ ቦታ አምጡት፤ እዚያ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡት። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣ ወይም አንዱ ሲደበዝዝ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ችግሩ ማሳው ነው፤ መብራቱን ከመጣላችሁ በፊት እሱን ፈትሹ።

መገናኛው ላይ ናስትሮ ብቻ መጠቅለል ከጭቃ ሥር አንድ ክረምት አይዘልቅም። ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ተጠቀሙ። ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ መዳብ ይበላል። ከወራት በኋላ ሽቦውን ስንጥቅ ብታደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከላይ ግን ምንም ያልሆነ ይመስላል። ሽታ የሌለውን ጠይቁ። ሽቦውም ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ መልሶ ይውጣ፤ ውሃው በዚያ ጉብጠት ይንጠባጠባል፣ ወደ መገናኛው አይሄድም። ሽቦውን ከፍሬንና ከናፍጣ ቱቦ ጋር አትሰሩት።

ወንዝ ስትሻገሩ ከአሥር ደቂቃ በፊት አጥፉት። የሞቀ መብራት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በላስቲኩ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ነገ ጠዋት መስተዋቱ ውስጥ ጉም ታያላችሁ፤ ያ ጉም ከጊዜ በኋላ ኤልኢዲውን ያበላሻል። ከቆላ ወደ ሳነቴ አምባ የምትወጡም፣ ከ4000 ሜትር በላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ይህን አትርሱ። በአፋር በኩል ደግሞ ጠላቱ ጨው ነው። የመብራቱ ቤት አሉሚኒየም፣ ብሎኑ አይዝጌ ብረት ከሆነ፣ ጨዋማ እርጥበት በመሀላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመሀል የፕላስቲክ ሮንዴላ አድርጉ፣ ከአሳሌ ሐይቅ ስትመለሱ በዚያው ዕለት በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሬዲዮ መገናኛ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ርካሹ ኤልኢዲ ሬዲዮ ውስጥ ጭርርር የሚል ድምፅ ያስገባል። መብራቱን አብርታችሁ ሬዲዮውን ሞክሩ፣ የመብራቱን ሽቦ ከአንቴናው መስመር አርቁት።

የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ከነዳችሁ በኋላ ከመኪናው ሥር ግቡና ስድስቱንም በ10 ቁልፍ አጥብቁ። ሽቦው ብረት የሚነካበትን ቦታ ሁሉ በጣት ዳስሱ፤ ፕላስቲኩ ካብረቀረቀ ወይም ጠፍጥፎ ከሳሳ እየተፈተገ ነው፣ ዛሬውኑ በቱቦ ሸፍኑት። ደህና እደሩ።