የሁለት ሰው ሻምፒዮን

የተከበራችሁ የስኑከር ክበባችን አባላት፣ በጠረጴዛ ላይ ኳስ በዱላ የምትገፉ፣ ጋሼዎቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው ያዘዘኝ ዓመታዊ ሪፖርት እንዳቀርብ ነው። አቀርባለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልተንፍስ።

አምና ለዋንጫው 12 ሰው ተመዘገበ። በቀኑ ኳሶቹን ደርድሬ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። የመጣው አንድ ሰው ነው። ሌላው ሠርግ አለው፣ ሌላው ዝናብ ፈርቷል፣ ቀሪው በመዋጮ ጉዳይ ኮሚቴውን አኩርፏል። ተጫወትን፣ አሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቡና ልጠጣ በገባሁ ቁጥር «የሁለት ሰው ሻምፒዮን መጣ!» ትሉኛላችሁ።

እዚሁ ማንችስተር፣ ዲንስጌት ላይ፣ ሆልድስዎርዝ አዳራሽ በአውሮፓውያን 1952 የዓለም ስኑከር ሻምፒዮና ተካሂዷል። ተወዳዳሪው ስንት ነበር? ሁለት! አውስትራሊያዊው ሆራስ ሊንድረምና የኒውዚላንዱ ክላርክ ማኮናኪ። ሌሎቹ ከአዘጋጁ ማኅበር ጋር በገንዘብ ተጣልተው የራሳቸውን ሻምፒዮና ከፍተዋል። እዚያ ፍሬድ ዴቪስ ብላክፑል ላይ ዋልተር ዶናልድሰንን በፍሬም፣ ማለት በጨዋታ ዙር፣ 38 ለ35 ረታ። ሕዝቡም «እውነተኛው ይሄኛው ነው» አለ። በማኩረፋቸው አልፈርድባቸውም፤ የላባቸውን ነው የጠየቁት።

ሊንድረም ግን ምን አጠፋ? ሰውዬው በዕድል የመጣ አይደለም። በ1936፣ በ1937 እና በ1946 ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቴም የፍሬድ ታላቅ ወንድም ጆ ዴቪስ አሸንፎታል። የመጨረሻውን 78 ለ67። ማንችስተር ላይ 73 ለ37 ሲደርስ ማኮናኪ ሊደርስበት ስለማይችል ዋንጫው የእሱ ሆኗል። ዱላውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ሁለቱም ቀጠሉ፣ 94 ለ49 ጨረሱ። 143 ፍሬም! እናንተ አምስት ፍሬም ሳትጨርሱ ማኪያቶ ታዛላችሁ።

ስሙ ዛሬም ከዓለም ሻምፒዮኖች ዝርዝር ውስጥ አለ። ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር አንዲት «ግን» ትከተለዋለች። እቺን «ግን» ነው የምጠላት! ቤቱ የተኛ ሰው፣ ቆሞ የተጫወተውን በምን አፉ ይተቻል? እዚህ ላይ ብታጨበጭቡ አልቀየምም።

ወደ ሪፖርቱ። የጠረጴዛው ጨርቅ ተቀይሯል። የዱላው ጫፍ የሚቀባው ጠመኔ አልቋል። መዋጮ ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የዘንድሮው ውድድር ቅዳሜ በአራት ሰዓት ነው። በሐበሻ አራት ሰዓት፤ በእንግሊዝ ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ እንዳያለቅስብኝ። ዋንጫውን በፌስታል ይዤው እመጣለሁ። ፌስታሉን ግን አልጥለውም።