ለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅበትም፦ በሲያትል በእድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም በወላጅ ተጎትታችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀመንበራችን የሰጡኝ ርዕስ «የኮሌጅ ልጆቻችንና የአእምሮ ጤና» የሚል ነው። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሌሎች ልጆች ላውራችሁ። በዚህ ምድር ከማንም በፊት ስለነበሩት፣ ኔቲቭ አሜሪካን ስለምንላቸው። የኮሌጅ አማካሪ ሆኜ ስሠራ ብዙ ያሳዩኝ እነሱ ናቸው። ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ነው፤ ሲያትል የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ ሕዝቦች አለቃ ነበር። ስንት ዓመት ኖረን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

አንዲት ልጅ ነበረች። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ ነገዷንና ኮሌጇን ግን አልናገርም። ያሳደገቻት የአያቷ እህት ሞተችባት። በእነሱ ቤት የአያት እህት አያት ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቀብሩም በአንድ ከሰዓት አያልቅም። ከአስከሬኑ ጋር ይታደራል፣ ይዘመራል፣ ይበላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይጠበቃል።

ልጅቷ ፈቃድ ልትጠይቅ ኮምፒውተር ላይ ቅጽ ከፈተች። «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል። ሲነኩት ዝርዝር ይወርዳል፦ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ አያት። «ሌላ» የሚል የለም። እሷም «አያት» የሚለውን መረጠች። ማስረጃ አምጪ ተባለች። በቀብሩ ላይ የሚታደለውን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከች። ቢሮ የተቀመጠው ሰው የሟቿን ስም ከልጅቷ ፋይል ጋር አመሳከረ። ከዚያ «ሟቿ አያትሽ ስላልሆነች ጥያቄሽን አልተቀበልነውም» ብሎ በኢሜይል መለሰላት። በጣም ጨዋ ኢሜይል ነው። መጨረሻው ላይ «መልካም ቀን ይሁንልሽ» ይላል።

እስቲ ንገሩኝ! አያቴ ማን እንደሆነች የሚነግረኝ ማነው? ያዘለችኝን፣ ያጎረሰችኝን ሴት ከዝርዝር ውስጥ የለችም ብሎ የሚሰርዝብኝ ማነው? ይሄ የእነሱ ጉዳይ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የአጎቱ ልጅ ሞቶበት «እሱማ የቅርብ ቤተሰብ አይደለም» ያልተባለ ሰው እጁን ያውጣ። አየሁ። አንድም እጅ የለም።

ልጅቷ ሄደች። ማን ይቀራል? ስትመለስ ያመለጣት ፈተና ዜሮ ተሞልቶ ጠበቃት። በዚያው ሳምንት ማታ ክፍሏን በሴጅ ቅጠል አጠነች። ብዙዎቹ ነገዶች ሐዘን ሲገባ እንዲህ ያጥናሉ፤ ሴጅ ነው፣ ሴዳር ነው፣ እንደ አገሩ ነው። የጭስ ማሽኑ ጮኸ። ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ውጭ ወጣ። አፓርታማ ውስጥ ዕጣን አጭሰን ያንን ማሽን ያላስጮህን ስለሌለን ሳቃችሁ ይገባኛል። እሷ ግን የቅጣት ደብዳቤ ነው የደረሳት።

ከዚያ ለጓደኛዋ «ነገ ባልነቃ ይሻለኛል» ብላ ጻፈች። ጓደኛዋ ደንግጣ ደወለች። መደወሏ ልክ ነው፣ ይህን ያዙልኝ። የመጡት ግን ሽጉጥ የታጠቁ ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ከእነሱ ወደ ድንገተኛ ክፍል። እዚያ አንዲት ነርስ ከወረቀት ላይ ጥያቄ ታነብላታለች። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?» ስትባል ዝም አለች። የሟቿን ድምፅ ሰምታለች። በሐዘን ሰሞን ሟችን መስማት እሷ ባደገችበት እብደት አይደለም። «አዎ» ብትል ግን ምን ብለው እንደሚጽፉባት ገብቷታል።

አፏን ያስከፈተው ምንድን ነው? በኔቲቭ ተማሪዎች ማዕከል የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት ሾርባ ይዘው መጡ። ወረቀት አልያዙም። «ስለ እሷ ንገሪኝ፣ ምን ያስቃት ነበር?» አሏት። ልጅቷ እስኪመሽ አወራች። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ዐይኗን እያዩ «ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?» ብለው ጠየቋት። ያን ጊዜ እውነቱን ነገረቻቸው። ሐኪም የተባለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሠራ። መድኃኒትም ወስዳለች። ይህን የምጨምረው ጸበል ወይስ ክኒን እያልን ስንጣላ ለምንውል ለእኛ ነው።

በአሜሪካ ከቁጥራቸው አንጻር ሲታይ ከየትኛውም ሕዝብ ይልቅ ራስን በማጥፋት የሚሞተው ኔቲቭ አሜሪካዊ ይበዛል። የደማቸው ነገር አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በ1883 ባወጣው ደንብ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የፀሐይ ጭፈራ የሚሉትን ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸውን፣ የባህል ሐኪሞችን ሥራ፣ የሐዘን ልማዳቸውን ሳይቀር ወንጀል አደረገው። ከ1879 ጀምሮ ለኔቲቭ ልጆች በተከፈተው በካርላይል የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በሌሎቹ፣ ልጆቹን ከወላጅ ነጥለው ፀጉራቸውን ይቆርጡ ነበር። በብዙዎቹ ነገዶች ፀጉር የሚቆረጠው ሰው ሲሞት ነው። ሐዘንተኛ ሴት ፀጉሯን ስትላጭ ያያችሁ እናቶች፣ እነዚያ ልጆች ማን ሞተብን ብለው ይሆን? ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱ እዚሁ ቱላሊፕ ነበር፤ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት አይሞላም። መንግሥት በ2024 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 973 ልጆች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሞተዋል ብሏል።

ማሪያ የሎ ሆርስ ብሬቭ ኸርት የምትባል፣ ላኮታ ከሚባለው የኔቲቭ ሕዝብ የሆነች ምሁር አለች። ሥርዓቱ ስለተከለከለ ሳይለቀስ የቀረ ሐዘን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል ትላለች። እኛ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ ያስፈልገናል? በቀይ ሽብር ልጁ ተገድሎበት እንዳያለቅስ የተከለከለ፣ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ አባት የማን አባት ነው? በሱዳን በረሃ ወንድሙን ቀብሮ ሳይቀመጥ መንገዱን የቀጠለው ማነው? ታዲያ ያቺ ልጅ አራት ቀን ላልቅስ ስትል በኢሜይል የሚከለክላት ሰው «ለተማሪዎቻችን የአእምሮ ጤና እንጨነቃለን» የሚል ፖስተር ከጀርባው ሰቅሎ ነው! ፖስተሩን አይቼዋለሁ። ቆንጆ ነው። ፖስተሩን አውርዱትና ቅጹን አስተካክሉት!

የቀረውን ላሳጥር። 988 የሚባለውን የችግር ጊዜ ስልክ ያዙ። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ 988 ደውሎ 4 ቁጥርን የተጫነ ሰው የሚያገኘው ራሳቸው ኔቲቭ የሆኑ አማካሪዎችን ነው። ከ2022 ጀምሮ አለ፣ በአገሪቱም የመጀመሪያው ነው። እኛም ደውለን አስተርጓሚ መጠየቅ እንችላለን። በ2024 ደግሞ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ሜክሲኮና ኦሪገን የኔቲቮችን የባህል ሕክምና ሜዲኬይድ በሚባለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል። ዋሽንግተን በዚያ ዝርዝር አልነበረችም። ጎረቤታችን ኦሪገን ቀድማናለች።

ስለ ልጆቻችን ደግሞ። ልጅህ «ደክሞኛል፣ መኖር ሰለቸኝ» ካለህ «ምን ጎደለህ?» አትበለው። «ሰው እንዳይሰማ» አትበይ፣ እናቴ። ቁጭ በሉና እንደዚያች ሴት በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም።

አሁን ለምን እንደመጣሁ ልንገራችሁ። የኔቲቭ ተማሪዎች ማኅበር ለኮሌጁ ደብዳቤ ጽፏል። የእኛም ልጆች እዚያው ይማራሉ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ዝርዝሩ ይነሳና ዝምድናውን ተማሪው ራሱ ይጻፍ። መሣሪያ በሌለበት ችግር ደግሞ መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኳው ፖሊስ ሳይሆን ልጁን የሚያውቅ የማዕከሉ ሰው ይሁን። እነሱ ፈርመዋል። የእኛ ቦታ ክፍት ነው። ሊቀመንበራችን ማኅተሙን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው እንደመጡ አይቻለሁ፤ ደብዳቤው ይኸው፣ እራት ሳይቀርብ ይመታልን።