የነፃ ቪፒኤን ሒሳብ የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በቅዳሜው የስልክ መስመራችን ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቪፒኤን፣ ማለትም የስልካችንን ኢንተርኔት አመስጥሮ በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር (ሰርቨር) በኩል ስለሚያሳልፈው አፕ ነበሩ። በአየር ሰዓት ጥበት ተቆርጠው የቀሩትን መልሶች ባለሙያችን እዚህ ሰፋ አድርጎ አቅርቧቸዋል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ከዋናው ግቢ ነው የምደውለው። ፕሌይ ስቶር ላይ ቪፒኤን ብዬ ስፈልግ መዓት ነው የሚመጣው። ሁሉም ነፃ፣ ሁሉም አራት ኮከብ ተኩል። የቱን ልጫን?

መልስ፦ ኮከቡን ተወው። ሰው ኮከብ የሚሰጠው አፑ ስለተገናኘለት ነው፤ ከጀርባ የሚሠራውን አይቶ አይደለም።

ቪፒኤን ሳትከፍት የምትገባባቸውን ድረ ገጾች ስም የማየት ዕድል ያለው ቴሌ ወይም ሳፋሪኮም ነው። ስትከፍት መረጃህ ተመስጥሮ መጀመሪያ ወደ ቪፒኤኑ ሰርቨር ይሄዳል፤ የቴሌኮም ድርጅቱ ከዚያ ሰርቨር ጋር መገናኘትህን ብቻ ያያል። የት የት እንደምትገባ የሚያየው አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። ተመልካቹ ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። ስልክህ ራሱ ይህንን ይነግርሃል፦ አዲስ ቪፒኤን መጀመሪያ ስታስነሳ አንድሮይድ አንድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ አፑ የኔትወርክ እንቅስቃሴህን ለመከታተል የሚያስችለው ግንኙነት ሊፈጥር ነው፣ ምንጩን ካመንክ ብቻ ተቀበል ይላል። ማን ያነበዋል? «ኦኬ» ብለን እናልፋለን።

ሰርቨርና የኢንተርኔት መስመር በነፃ አይገኙም፤ አንድ ሰው ይከፍላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የሚባል ድርጅት ገዛ። ተጠቃሚው በኦናቮ ቪፒኤን መረጃዬ ተጠበቀልኝ ሲል፣ ፌስቡክ ሰዎች የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ያይበት ነበር። ኦናቮ በ2018 ከአፕል መደብር ወጣ፣ በ2019 ጭራሽ ተዘጋ። ሆላ የሚባለው ነፃ ቪፒኤን ደግሞ የነፃ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ደንበኞች ይሸጥ እንደነበር በ2015 አደባባይ ወጣ፤ የማታውቀው ሰው ባንተ አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል ማለት ነው። በ2020ም ዩፎ ቪፒኤንን ጨምሮ መቀመጫቸው ሆንግ ኮንግ የሆነ ሰባት አገልግሎቶች «ምንም መዝገብ አንይዝም» እያሉ 1.2 ቴራባይት የተጠቃሚ መረጃቸው ያለ ምንም ቁልፍ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግፎ ተገኘ።

የምከፍለው የለኝም ካልክ የምጠቁምህ የስዊዘርላንዱን ፕሮቶን ቪፒኤን ነው። ነፃው አገልግሎት የዳታ ገደብ የለውም፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ከፍለው የሚጠቀሙት ደንበኞች ናቸው፣ የአፑም ኮድ ማንም እንዲያየው ክፍት ነው። አገር መምረጥ አትችልም፤ የሚሠራውም በአንድ ጊዜ በአንድ ስልክ ብቻ ነው። ለአንተ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አንድ ስልክ ቤት «ፕሪሚየም» ቪፒኤን ጫነልኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከቴሌግራም ቻናል የቪፒኤን ፋይል እያወረደ ነው የሚጠቀመው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ሁለቱም። የተከፈለበት ይመስል ተሰብሮ የሚዞር አፕ ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት አንተም፣ የጫነልህም ልጅ አታውቁም። የቴሌግራሙ ፋይል ደግሞ ኢንተርኔትህን በሙሉ ማንነቱን በማታውቀው ሰው ሰርቨር ላይ የሚያሳልፍ ነው። ስለ ነፃ አፖቹ ያልኩት ቢያንስ ስም ስላላቸው ድርጅቶች ነው፤ ይሄኛው ስምም የለው። አጥፋው። በዚያው ስልክ የባንክ አፕ ከፍተህ ከነበረ የይለፍ ቃልህንም ቀይር።

ጥያቄ፦ አረብ ሰፈር የምነግድ ነኝ፤ ብሬን በስልክ ነው የማንቀሳቅሰው። ልጄ ቪፒኤን ካለሽ ሌባ አይደርስብሽም አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ለዚህ ቪፒኤን አያድንዎትም። እዚህ የሚሰረቀው ሰው አብዛኛው «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ተብሎ ነው። በር ቆልፎ ቁልፉን በመስኮት እንደ ማቀበል ነው። ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ፤ ከባንክ ነው የምንደውለው ቢሉዎትም ይዝጉት።

ጥያቄ፦ ለውጭ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ፣ ሪፈራል አካባቢ ነው የምኖረው። ከፍዬ ልግዛ ብያለሁ። ምን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስታወቂያውን አልፈሽ ሦስት ነገር እይ። ባለቤቱ ማን እንደሆነና የት አገር እንደተመዘገበ በግልጽ ተጽፏል? መዝገብ አንይዝም ማለቱን የውጭ ኦዲተር መርምሮታል፣ ሪፖርቱስ ወጥቷል? ዋየርጋርድ ወይም ኦፕን ቪፒኤን የሚባሉትን የማመስጠሪያ ዘዴዎች ይጠቀማል? ፒፒቲፒ የሚል ካየሽ ተመለሺ፣ እሱ ያረጀና የተሰበረ ነው።

ሁለተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ «አንይዝም» ማለት ለማንም ቀላል ነውና። ሙልቫድ የሚባለውን የስዊድን ድርጅት የምወደው ነገሩ በተግባር ስለተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ፖሊስ የፍተሻ ማዘዣ ይዞ ጎተንበርግ ያለው ቢሮው ገባ፤ የሚፈልገው የደንበኛ መረጃ እንዳልተያዘ ተነግሮት ባዶ እጁን ተመለሰ። ኢሜይል እንኳ አይጠይቅሽም፣ የሚሰጥሽ ቁጥር ብቻ ነው። ዋጋው በወር 5 ዩሮ ነው፣ የዓመት ቅናሽ ምናምን የለውም። የሌሎቹ «የሦስት ዓመት ቅናሽ» ግን አያጓጓሽ፤ የአንድ ወር ከፍለሽ እዚሁ ሐዋሳ በራስሽ መስመር ሞክሪው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከሌለሽ ራስምታቱ አከፋፈሉ ላይ ነው፤ እሱን ሽሽት ቴሌግራም ላይ ለአሥር ሰው የሚሸጥ የጋራ አካውንት እንዳትገዢ።

ግን መጀመሪያ አሠሪሽን ጠይቂ። ብዙ ድርጅት ለሠራተኛው የራሱን ቪፒኤን ይሰጣል፤ ያኔ ወጪሽ ዜሮ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲዘጋ ቪፒኤን ይሠራል?

መልስ፦ እንደ አዘጋጉ ነው። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ለአምስት ወር ገደማ ሲገደቡ ኢንተርኔቱ ራሱ ስለነበረ በቪፒኤን የገባ ገባ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ግን ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ፤ መስመር ከሌለ ቪፒኤን የሚያመሰጥረው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ካፌ ቁጭ ብዬ በዋይፋይ ነው የምሠራው። ቪፒኤኑ ሳላውቅ ይቋረጥብኛል፣ ደግሞም ያዘገይብኛል።

መልስ፦ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው መንገድ የተመሰጠረ ስለሆነ የካፌው ባለቤት የይለፍ ቃልህን አያነብም፤ የገባህባቸውን ገጾች ስም ግን ሊያይ ይችላል። ቪፒኤን የሚሸፍንልህ ያንን ነው። የበለጠ የምፈራልህ የካፌውን ስም አስመስሎ የተከፈተ የውሸት ዋይፋይ ነው። ብራውዘሩ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ካለህ «ቀጥል» የሚለውን አትንካ፣ ወደ ሞባይል ዳታህ ዙር።

ስለ መዘግየቱ፣ አሜሪካ ያለ ሰርቨር መርጠህ ከሆነ ወደ ኬንያ ወይም ወደ አውሮፓ ቀይረህ እየው፤ መረጃው የሚጓዘው ርቀት ሲያጥር ፍጥነቱ ይሻላል። ዳታህንም ትንሽ ይጨምርብሃል፣ ጥቅል ስትገዛ አስበው።

ለመቋረጡ አንድሮይድ መፍትሔ አለው። ሴቲንግ ገብተህ የቪፒኤንን ገጽ ክፈት፣ ከአፑ ስም ጎን ያለችውን የሴቲንግ ምልክት (ባለ ጥርሷን ክብ) ንካ፣ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን የሚለውንና ያለ ቪፒኤን ግንኙነት አግድ የሚለውን ሁለቱንም አብራ። ከዚያ በኋላ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ቀን «ኔት የለም» ብለህ ቴሌን ከመውቀስህ በፊት ይህችን ማብሪያ ተመልከት።